የአንባቢያን ጥያቄ፦ ጋራው ሥር ቤት ሠርተናል፤ እሳቱ ይደርስብናል?

በዚህ ወር ስለ ሰደድ እሳት ሦስት ደብዳቤ ደረሰኝ። ሁለቱ ከድሬዳዋ ናቸው፤ አንዱ ከሐረር። ስለ ይዞታ ልኬትና ስለ ድንበር የጻፋችሁልኝን ለሚቀጥለው አቆይቼዋለሁ፤ አትቀየሙኝ። ይሄኛው ጊዜ አይሰጥም። ሳሩ እየደረቀ ነው።

ጥያቄ፦

«ሰላም ነው? እኛ ድሬዎች አንቱታ አይሆንልንም፤ አንተ ብዬ ልጻፍልህ። ቤታችን ወደ ደንገጎ በሚወስደው በኩል ጋራው ሥር ነው። ከሠራነው አራት ዓመት ሆነን። ከጓሮ አጥራችን ቀጥሎ ቁጥቋጦና ሳር ነው። ባለፈው ጥር ማታ ላይ ጋራው ሲነድ አይተን ልጆቹን ይዘን ወጣን፤ አስፋልት ዳር አደርን። እሳቱ እኛ ጋ ሳይደርስ ጠፋ። በማግስቱ ጎረቤቴ ስልኩ ላይ የሳተላይት ካርታ ከፍቶ ‹ይኸው፣ እኛ ጋ አንድም የእሳት ምልክት የለም፤ በከንቱ ነው የፈራሽው› አለኝ። ባለቤቴም ‹ድሬ ምን ደን አላትና ነው ሰደድ እሳት የሚነሳባት?› ይላል። የእሳት ስጋት የሚያሳይ ካርታ በእውነት አለ? ካለስ ልመነው?»

የሁለት ልጆች እናት፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦

እህቴ፣ እንኳን ፈጣሪ አተረፋችሁ። ልጆቹን ይዘሽ መውጣትሽ ልክ ነበር። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

ከባለቤትሽ ልጀምር። ድሬ ደን የላትም ማለቱ እውነት ነው። ሰደድ እሳት ግን የግድ ደን አይፈልግም፤ የደረቀ ሳር ይበቃዋል። በ2015 ዓ.ም ነሐሴ መጀመሪያ ላይ በሃዋይ ደሴቶች ላሃይና የምትባል ከተማ በአንድ ቀን ወድማ ወደ 100 ሰው አልቋል። እሳቱን ያዛመተው ሳር ነው። ድሮ ሸንኮራ አገዳ ይመረትበት የነበረ መሬት ጦም ሲያድር ሳር ወረሰው። ሳሩ ደረቀ፤ ኃይለኛ ነፋስ መጣ። ያንን ሳር ለከብት መኖ ብለው የወሰዱት ደግሞ ከአፍሪካ ነው። እኛ ቆላ ውስጥ የሚበቅል ዓይነትም አለበት።

እኛ ጋ ሰው የሚፈራው የድርቅ ዓመትን ነው። ለእሳት ግን እኔ የምፈራው ክረምቱ አጥግቦ የጣለበትን ዓመት ነው። በድርቅ ጋራው ላይ የሚነድ ነገር አይተርፍም፤ ፍየሉና ግመሉ ይጨርሰዋል። ዝናቡ ጥሩ ሲሆን ግን ሳሩ ጉልበት ይደርሳል፤ መስከረም ላይ ሲያዩት ደስ ይላል። ጥቅምት ሲነፍስ ይቢጫል። ታኅሣሥ ላይ ስትረግጪው ኮሽ ኮሽ ይላል። ጥር ላይ አንድ ከሰል አክሳይ ትቶት የሄደ ረመጥ ይበቃዋል።

ስለዚህ አንድ ካርታ «ይሄ አካባቢ አያሰጋም» ብሎ ቢያሳይሽ፣ በየትኛው ዓመትና በየትኛው ወር ምስል ነው የተሠራው ብለሽ ጠይቂ። በድርቅ ዓመት በተነሳ ምስል የተሠራ ከሆነ ጋራሽን ባዶ መሬት ነው የሚለው።

አሁን ወደ ጎረቤትሽ ስልክ። ያየው የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ በነፃ የሚያወጣው የእሳት ነጥቦች ካርታ ይመስለኛል። ጥሩ ነገር ነው፤ በበጋ እኔም በየቀኑ እከፍተዋለሁ። ግን አመሉን ማወቅ ያስፈልጋል። ነጥቦቹን የሚሰጡት ዋነኞቹ ሳተላይቶች በአናታችን የሚያልፉት ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩልና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የሳር እሳት ደግሞ ፈጣን ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት ተነስቶ ማታ 3 ሰዓት ላይ ካለቀ፣ ሳተላይቱ ሲመጣ የሚያገኘው የቀዘቀዘ አመድ ነው። ደመና ካለም አያይም። አንዷ ነጥብ የምትወክለው ደግሞ ጎኑ 375 ሜትር የሆነ መሬት ነው። የአንቺም የጎረቤትሽም ግቢ፣ መንገዱም፣ የጋራው ጫፍም እዚያ ውስጥ ይገባል። የፋብሪካ ምድጃም ሙቀት ስለሚያወጣ እሳት መስሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ ላለባት ከተማ ይሄ መታወቅ አለበት።

ጎረቤትሽ ሊያረጋጋሽ ብሎ ነው፤ አትቆጪው። ግን የነደደውን የሚያሳይ ካርታ ሌላ ነው፤ ሊነድ የሚችለውን የሚያሳይ ካርታ ሌላ።

ሁለተኛውን፣ የስጋት ካርታ የምንለውን፣ የምንሠራው በንብርብር ነው። እንጀራ በእንጀራ ላይ ሲደረብ አስቢው። ከሥር መሬቱ ላይ ምን በቅሏል የሚለው ይነጠፋል፦ ሳር፣ ግራር፣ የወፍ ቆሎ የሚባለው ቁጥቋጦ፣ ፕሮሶፒስ የሚባለው ወራሪ እሾሃማ ዛፍ። በላዩ ዳገቱ። ከዚያ ነፋሱ። ከዚያ ቤቶቹ፣ መንገዶቹ፣ ውኃ የሚገኝበት ቦታ። ሁሉም ሲደራረብ ቤትና ዱር የሚነካኩበት ጠርዝ ለብቻው ወጥቶ ይታያል። ያንቺ ጓሮ ማለት ያ ጠርዝ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጋራ ሥር ላለ አንድ ሠፈር እንዲህ ዓይነት ካርታ ሠርቼ ነበር። ሸንተረሩ ቀይ፣ ወገቡ ብርቱካናማ፣ ከሥር ያሉት ቤቶች ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆነው ወጡ። እሳት ዳገት ይወዳል፣ ታች ያለውን አይነካም በሚል ሒሳብ ነው። ካርታውን አትሜ ቦታው ላይ ወጣሁ። ፍየል የሚጠብቁ አንድ አዛውንት አገኘሁና ድንጋይ ላይ ዘርግቼ አሳየኋቸው። ጥቂት አዩት። ከዚያ እጄን ይዘው ወደ አንድ ግራር ወሰዱኝ።

ግንዱ ተለብልቧል። ጥቁሩ ግን ዙሪያውን እኩል አልነበረም። ጋራውን በሚያየው በኩል ከቁርጭምጭሚቴ አያልፍም። ቤቶቹን በሚያየው በኩል ደረቴ ድረስ ወጥቷል። ወደ ሁለተኛው ግራር ሄድን፤ እንደዚያው። አምስተኛውም እንደዚያው። ነፋስ የሚነዳው ነበልባል ግንዱን ሲያልፍ ከጀርባው ተጠምዝዞ ወደ ላይ ይልሳል። ከፍ ብሎ የጠቆረው ጎን እሳቱ የሄደበትን አቅጣጫ ይነግራል። ያ እሳት የሄደው ቁልቁል፣ ወደ ቤቶቹ ነው።

«ማታ ነፋሱ ይዞራል» አሉኝ አዛውንቱ። «ቀን ወደ ጋራው ነው፤ ማታ ወደ እኛ።»

ነገሩ ይኸው ነው። ቀን ፀሐይ ዳገቱን ስታሞቀው አየሩ ሽቅብ ይወጣል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አየሩ ይቀዘቅዝና ይከብዳል፤ ጋራው ሥር ወዳሉት ቤቶች ይወርዳል። አንቺ እሳቱን ያየሽው ማታ ነው። ለዚህ ነው መውጣትሽ ልክ ነበር ያልኩሽ። እኔም ከዚያ በኋላ ካርታዬን የቀንና የሌሊት ብዬ ለሁለት ከፈልኩት። የሌሊቱ ላይ ቢጫ የነበሩት ቤቶች ቢጫ ሆነው አልቀሩም።

ዳገቱን ናቂው ማለቴ ግን አይደለም። ዳገቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ሽቅብ የሚሄድ እሳት ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል። ነበልባሉ ገና ሳይደርስበት ከፊቱ ያለውን ሳር ያሞቀዋል፣ ያደርቀዋል። ደንገጎ ላይ ገደል አፋፍ ቤት የሠሩ ዘመዶች ካሉሽ ይሄን ንገሪያቸው። ለእነሱ አደገኛው ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ እንድታውቂልኝ የምፈልገውን ልንገርሽ። አብዛኛው ቤት የሚቃጠለው ነበልባል መጥቶ ስለዋጠው አይደለም፤ በነፋስ የመጣ ፍንጣሪ የሚይዝበት ነገር ስላገኘ ነው። አሜሪካኖች የጠርዝ ካርታ ሲሠሩ ከሰፊ ዱር እስከ 2.4 ኪሎ ሜትር የራቀን ቤት ሳይቀር ስጋት ውስጥ ይቆጥሩታል፤ ፍንጣሪ ሊጓዝ የሚችለውን አስበው ነው። በ2011 ዓ.ም ጥቅምት መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓራዳይዝ የምትባል ከተማ ስትቃጠል 85 ሰው ሞቷል። ከእሳቱ በኋላ የተነሱትን ፎቶዎች ብዙ ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ቤቱ አመድ ሆኗል፤ ጥቂት ሜትር ርቆ ያለው ዛፍ ቅጠሉን እንደያዘ ቆሟል። እሳቱ በዛፉ በኩል ቢመጣ ኖሮ ዛፉ አይተርፍም ነበር።

ስለዚህ የቱንም ያህል ጥሩ ካርታ ብሠራልሽ የመጨረሻዋን 30 ሜትር አያሳይሽም። እሷን ራስሽ ነሽ የምትሠሪያት። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ወረቀትና እርሳስ ይዘሽ ቤትሽን ዙሪው።

ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ድረስ የሚነድ ነገር አይኑር። እዚህ ላይ ጨካኝ ሁኚ። ግድግዳ ተደግፎ የተከመረ ማገዶ፣ በማዳበሪያ የተሞላ ከሰል፣ የፍየል ጭድ፣ አሮጌ ፍራሽ፣ ሁሉም ይነሳ። ድሬ ሙቀት ስለሆነ በረንዳ ላይ ዳስ ሠርተን ማታ እዚያ እንተኛለን። እኔም ያደግኩት እንደዚያ ነው፤ የምወደው ነገር ነው። ግን ከጣሪያው ጋር የተያያዘ የደረቀ ዳስ ለፍንጣሪ የተዘጋጀ ቦታ ነው። ከቤቱ ነጥላችሁ ትከሉት።

ከዚያ መሰላል አስጠጊና ቆርቆሮው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበትን እዪ። እዚያ ክፍተት ውስጥ ወፍ ጎጆ ሠርታ ይሆናል። የደረቀ ሳር፣ ላባ፣ ክር፣ የፌስታል ቁራጭ። ቆርቆሮው አይነድም፤ ጎጆው ግን ይነዳል፤ ቀጥሎ ማገሩ፣ ቀጥሎ ኮርኒሱ። ውጭ ቆማችሁ ጋራውን ስታዩ እሳቱ ከውስጥ ይጀምራል። ጎጆውን አውርጂና ክፍተቱን በጭቃ ወይም በጥቅጥቅ ወንፊት ሽቦ ድፈኚው። የሁለት ሰዓት ሥራ ነው።

እስከ 10 ሜትር ድረስ ሳሩ ይታጨድ። ከዚያ እስከ 30 ሜትር ቁጥቋጦው ይሳሳ፤ አንዱ ከአንዱ ይራቅ፤ የደረቁ የታች ቅርንጫፎች ይቆረጡ። ግን አደራሽን፣ ጋራውን ራቁቱን አታስቀሩት። ድሬ ላይ ከእሳት ሸሽቶ ጎርፍ መጥራት አለ። የ1998 ዓ.ምን ሐምሌ መጨረሻ እዚህ የነበረ ሰው አይረሳውም፤ የደቻቱ ወንዝ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። የተመነጠረ ጋራ ውኃ አይዝም፤ የነደደም እንዲሁ። ጥር ላይ የነደደው ቦታ ካርታ ሐምሌ ሳይመጣ የጎርፍ ሥራ ለሚሠሩት ሰዎች መድረስ አለበት እያልኩ የምወተውተው ለዚህ ነው።

ሌላ አንድ ነገር። ከሠፈራችሁ መውጫው ስንት ነው? አንድ ከሆነ፣ ማታ ባጃጁም መኪናውም ሲንጋጋ ይዘጋል። በእግር የሚያስወጣ ሁለተኛ መንገድ ፈልጉና ልጆቹን አንድ ጊዜ በቀን ብርሃን አስኪዷቸው።

ጥያቄ፦

«ሐረር ነን፤ አራት ጓደኛሞች። የካርታ ሥራ ተምረናል። ባቢሌ አቅጣጫ ላለች አንዲት ቀበሌ በራሳችን ፈቃድ የእሳት ስጋት ካርታ እየሠራን ነው። ቤትና ዱር የሚገናኙበትን የሚያሳይ የዓለም ካርታ አውርደን ብናይ ጫት እርሻው ሳይቀር ቀይ ሆነብን። የት ላይ ነው ያጠፋነው?»

መልስ፦

እናንተ ልጆች፣ ደብዳቤያችሁን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ማንም ሳያዛችሁ ይሄን መጀመራችሁ ደስ ብሎኛል። ምንም አላጠፋችሁም። ካርታው የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው።

በ2015 ዓ.ም የወጣው የዓለም ካርታ ቤትና ተክል ይጎራበታሉ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ይነዳል ወይ ብሎ አይጠይቅም። በዚያ ጥናት መሠረት እንዲህ ያለው መሬት ከዓለም የብስ 4.7 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ ከዓለም ሕዝብ ግን ግማሽ ያህሉ እዚያ ላይ ይኖራል። ሐረርጌ ውስጥ ደግሞ ከተክል ጋር የማይጎራበት የገጠር ቤት ከየት ይመጣል? ቀይ ቢሆንባችሁ አይገርምም።

የሚነደውን ለመለየት የጥርን ምስል አውርዱ። ሴንቲኔል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች በየ5 ቀኑ ያነሳሉ፤ 10 ሜትር ድረስ ይለያሉ፤ ነፃ ናቸው። ጥር ላይ ውኃ የሚጠጣ ጫት አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ቁጥቋጦውና ሳሩ ቡናማ ይሆናል። ከመስከረሙ ምስል ጋር አስተያዩት። መስከረም ላይ አረንጓዴ፣ ጥር ላይ ቡናማ የሆነው ነው የሚያሳስባችሁ። ቢያንስ የሦስት ዓመት ውሰዱ፤ ጥሩ ዝናብ የጣለበት ዓመት ይግባበት።

ከሰማይ የማይታይም አለ። የማሽላው አገዳ ታጭዶ ቤት አጠገብ ይከመራል፤ ለከብት ነው፣ ለማገዶ ነው። ካርታው «እርሻ» ብሎ ያልፈዋል። እናንተ ግን ክምሩ ከጣሪያው ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ቆጥራችሁ መዝግቡ።

ዳገቱ የሚያይበትን አቅጣጫ ስታስገቡ ደግሞ ተጠንቀቁ። የውጭ ሞዴሎች ሰሜን የሚያየውን ዳገት እርጥብ ነው ብለው ዝቅተኛ ነጥብ ይሰጡታል። ለአውሮፓ ልክ ነው። እኛ ግን ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነን። ግንቦትና ሰኔ ላይ ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ነው የምታልፈው። በዚያ ሙቀት ሰሜን የሚያየው ዳገት ነው የሚጠበሰው፤ ወደ ድሬ የሚወርደው ገደል ሁሉ እንደዚያ ነው። ጥር ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። የወሩን ፀሐይ አስሉ እንጂ የመጽሐፉን አትውሰዱ።

ባቢሌ ስላላችሁ የዝሆኖቹም መጠለያ ቅርባችሁ ነው። የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው፤ ስፋቱ ወደ 7 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። እዚያ ሰው ከዳር ቆሞ አልቀረም፤ ቤቱም እርሻውም ቁጥቋጦው መሐል ገብቷል። ጠርዙን አንድ መስመር አድርጋችሁ እንዳትስሉት። ቤትና ቁጥቋጦ የተቀላቀለበት ለብቻው ቀለም ይሰጠው፤ እሳት ከአራቱም አቅጣጫ ሊመጣበት ይችላልና።

ከሁሉ በፊት ግን ሰዎቹን ጠይቁ። ማር የሚቆርጡትን፣ ከሰል የሚያከስሉትን፣ ለአዲስ ግጦሽ ሳር የሚለኩሱትን። እንደ ወንጀለኛ ሳታዩ ጠይቁ፤ ለሆዳቸው ነው። እሳት ከየት እንደሚነሳ፣ የትኛው ሸለቆ ይዞት እንደሚወጣ፣ የት ላይ እንደሚቆም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ቦታዎቹን ሁሉ ሰው በሚጠራበት በኦሮምኛ ስማቸው ጻፏቸው። እሳት ሲነሳ ደውሎ የሚነግራችሁ እናት «እዚያ የሾላው ዛፍ ጋ» ነው የምትለው፤ በቁጥር የተጻፈ መገኛ አትነግራችሁም። የሾላው ዛፍ ካርታችሁ ላይ ከሌለ ቦታውን አታገኙትም።

ስትጨርሱ አንድ ቅጂ ላኩልኝ። እኔም መጥቼ አብሬያችሁ ልዙር፤ ከድሬ ሐረር ሩቅ አይደለም።

ጥያቄ፦

«ግቢዬ ዙሪያውን የቲኒ (የበለስ ቁልቋል) አጥር ነው፤ አባቴ ነው የተከለው። ጎረቤቶቼ ‹እሳት ይስባል፣ ቁረጠው› እያሉ አስቸገሩኝ። ልቁረጠው?»

ጡረተኛ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦

አቦ፣ ተዋቸው፣ አትቁረጠው! የቲኒ ሥጋ ውኃ የቋጠረ ነው፤ በቀላሉ አይነድም። የሳር እሳት መጥቶበት ፊቱ ተጠብሶ፣ ከጀርባው ግን አረንጓዴ ሆኖ የቀረ የቲኒ አጥር በዓይኔ አይቻለሁ። ማዶ ያለው ግቢ አልተነካም።

የጎረቤቶችህ ስጋት ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል። ከአጥሩ ሥር ደረቅ ሳር ይሰገሰጋል፤ የወደቀው የቲኒ ቅጠል ደርቆ እንደ ካርቶን ይሆናል፤ ነፋስ ያመጣው ፌስታልና ወረቀት እሾሁ ላይ ይሰካል። የሚነደው እሱ ነው፤ አጥሩን ተከትሎ እስከ በርህ ሊሄድ ይችላል። ወፍራም ጓንትና ረጅም እጀታ ያለው ሬክ ይዘህ ከሥሩ ጠራርገው። ከኅዳር እስከ ጥር በየ15 ቀኑ ድገመው። ከመሐል የሞተ ካለ ነቅለህ ከጎኑ ቅጠል ቆርጠህ ትከልበት፤ ቲኒ ሥር ለመስደድ ብዙ ውኃ አይጠይቅህም።